መስቀለኛ ቃላት ከአቦል እስከ በረካ፦ የዕለቱን እንቆቅልሽ ፈትቶ ዕውቀቱን ማስቀረት

በየማለዳው፣ ከጎንደሩ ጃንተከል ዋርካ ብዙም ሳልርቅ፣ ረከቦት ፊት ተቀምጬ አንድ መስቀለኛ ቃላት እፈታለሁ፤ በፍንጭ እየተመራሁ፣ አግድምና ቁልቁል በሚሻገሩ ሳጥኖች ውስጥ በየሳጥኑ አንድ ፊደል እየጻፍኩ ቃላት እሞላለሁ። ብዙ ሰው ይህ ጨዋታ ብዙ ላነበበ ሰው ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። መስቀለኛ ቃላት የሚፈታው በግማሽ ዕውቀት ነው፤ አንድ ቀን ጆሯችን ሰምቶት፣ ምላሳችን ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ በሚለን ነገር። አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ፊደል ያንን ጎትቶ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ «ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የፈቺው ድርሻ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው፤ ስለ አፈታቱም፣ ከተፈታ በኋላ ዕውቀቱን ስለ መያዝም።

ጨዋታውን በጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በ«ኒውዮርክ ወርልድ» ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው። መንፈሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» እያልን ነው ያደግነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ጎንደርን ላለመስጠት ሁሉም እስከ መጨረሻው ይታገል ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የፊደላችንን ጠባይ እወቁ

በላቲን ፊደል በሚጻፍ መስቀለኛ ቃላት አንዱ ሳጥን ወይ ተነባቢ ወይ አናባቢ ይይዛል። በእኛ ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ጎንደር በላቲን 6 ሳጥን ይፈጃል፤ በአማርኛ 4 ይበቃዋል፦ ጎ፣ ን፣ ደ፣ ር። በዚህ ምክንያት መልሶቻችን አጫጭር ናቸው፤ ባለ 2 እና ባለ 3 ሳጥን ቃል ይበዛል። በሌላ በኩል 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ላቲን ያለው 26 ብቻ ነው። ስለዚህ የተሻገረ አንድ ፊደል ስታገኙ በላቲን ከሚገኘው እጅግ የበለጠ አገኛችሁ። «ጎ» የሚለው ሳጥን ተነባቢው ገ መሆኑን ብቻ አይነግራችሁም፤ ሳብዕ (7ኛው ቤት) መሆኑንም ይነግራችኋል። በጉ፣ በጋ፣ በጌ የሚጀምሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ሦስት ነገሮች ጀማሪን ያደናግራሉ።

የመጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። አግድም የሚሄደው ቃል «ሐ» ሲል ቁልቁል የሚወርደው «ሀ» ቢፈልግ መልሳችሁን ወዲያው አትሰርዙ። አብዛኛው አዘጋጅ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። እኔ ግን ትክክለኛውን ፊደል ዳር ላይ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ፊደሉ ትርጉም የሚለይበት ጊዜ አለ። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ» ግን በግዕዝ «ለምኚ» ማለት ነው፤ «ሰአሊ ለነ» ከሚለው ጸሎት የምናውቀው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው አንድ ቃል አይደለም የተማረው፣ ሁለት ነው።

ሁለተኛው የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለመጻፉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ አለቃው፣ ትልቁ ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። «ሽፍታ» ሲላላ ጫካ የገባ ሰው፣ ሲጠብቅ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ጎበዝ አዘጋጅ በአንዱ ድምፅ ጠይቆ ሐሳባችሁን ወደ ሌላው ሊወስደው ይችላል። ፍንጩ አልገጥም ሲላችሁ የገመታችሁትን ቃል ጮክ ብላችሁ በሁለቱም መንገድ በሉት።

ሦስተኛው ዲቃላ ፊደላት ናቸው። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ አንዳንድ ሳጥን ነው የሚወስዱት። «ቋንቋ» 3 ሳጥን ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፦ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ደብተር። በስልክ የምትፈቱም ብትሆኑ ደብተሩን አትተዉት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

አቦል፦ እርግጠኛ የሆናችሁበትን ብቻ ጻፉ

አቦል እስኪጠጣ ድረስ የአግድሙንም የቁልቁሉንም ፍንጭ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። አንድም ሳትዘልሉ። የምትጽፉት ግን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ የምትምሉበትን ብቻ ነው። በዚህ ዙር ከ5 ፍንጭ አንዱን ብትመልሱ መልካም ጅምር ነው።

መጀመሪያ የምፈልገው ክፍት ቦታ ያለበትን ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «ድር ቢያብር ____ ያስር» ሲል ማንም ሰው አንበሳን ያመጣል፤ 4 ሳጥንም በአንድ ጊዜ ይሞላል። ቀጥዬ የታወቀ ስም ወይም ቀን የሚጠይቀውን፦ «ጥር 11» ካለ ጥምቀት ነው፤ «13ኛው ወር» ካለ ጳጉሜ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ «ጳጉሜን» ተብሎም ስለሚጻፍ 3 ወይም 4 ሳጥን መሆኑን ሳትቆጥሩ አትጻፉ። ሳጥን መቁጠር የዚህ ጨዋታ ግማሽ ሥራ ነው።

ያላወቃችሁትን ፍንጭ ዝም ብላችሁ እለፉት። ሳትታገሉት እያለፋችሁ፣ ሌላውን ስትሞሉ፣ እሱ ውስጥ ውስጡን ይበስላል።

ቶና፦ መሻገሪያው ይናገር

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ስለዚህ በምሳሌ እንሂድ። ይህችን የሰንጠረዥ ጥግ ያዘጋጀኋት እኔው ነኝ፤ በቅንፍ ያለው ቁጥር የመልሱ ሳጥን ብዛት ነው።

አግድም
1. የ44ቱ ታቦት አገር (4)
3. ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና የሚገባ ወንዝ (2)
4. ማዕረግም ነው፣ የሰውነት ክፍልም (2)

ቁልቁል
1. የጣና ዳር ወደብ (4)
2. ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው ሠራዊት (2)

የጎንደር ልጅ አግድም 1ን እንደሚያውቀው አያጠራጥርም፤ ለጊዜው ግን አላወቅነውም እንበል። ቁልቁል 1 ላይ የጣና ወደቦችን በሐሳብ እንደርድር። ባሕር ዳር 5 ሳጥን ነው፤ ወጣ። ደልጊ 3 ነው፤ ወጣ። ቁንዝላና ጎርጎራ ግን ሁለቱም 4 ናቸው። እዚህ ላይ እርሳሱን አስቀምጡ። ሁለት እኩል ግምት ሲኖራችሁ ደስ ያላችሁን ከጻፋችሁ የቀረውን ጥግ ሁሉ ታበላሹታላችሁ።

ወደ አግድም 3 ሂዱ። ከጉና ተነሥቶ ጣና የሚገባ ወንዝ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጉማራም አለ፣ ርብም አለ። ጉማራ 3 ሳጥን ነው፣ የቀረን 2 ነው። ርብ። የርብ «ር» ደግሞ የቁልቁል 1 ሁለተኛ ፊደል ናት። የቁንዝላ ሁለተኛ ፊደል ን፣ የጎርጎራ ር። ስለዚህ ጎርጎራ! ጎርጎራ ሲጻፍ አግድም 1 በ«ጎ» ይጀምራል፤ ጎንደርም ራሷ ትመጣለች። የጎርጎራ መጨረሻ «ራ» አግድም 4ን ይከፍታል፤ ማዕረግም የሰውነት ክፍልም የሆነው «ራስ» ነው። ቁልቁል 2 ከጎንደር «ን»ን፣ ከርብ «ብ»ን ይዞ ሳንነካው ተሞልቷል፦ ንብ።

ጎ ን ደ ር
ር ብ ■ ■
ጎ ■ ■ ■
ራ ስ ■ ■

ከርብ በቀር አንድም ፍንጭ ብቻውን ቆሞ እርግጠኛ ሳያደርገን አምስቱም ተፈቱ። መስቀለኛ ቃላት የሚወደደው ለዚህ ነው።

መሻገሪያው ምንም ሳይሰጣችሁ ሲቀር ሰዋስው ያግዛችሁ። ፍንጩ ብዙ ቁጥር ከጠየቀ መጨረሻው «ች» ነው፤ ከፊቱም ሳብዕ ይኖራል፦ ቤቶች፣ ልጆች። «ች» አልገባ ካለ የግዕዝን ብዙ ቁጥር አስቡ፦ ካህናት፣ ነገሥታት፣ መምህራን፣ ሊቃውንት። መሣሪያ ከተጠየቀ በ«መ» ጀምሮ በራብዕ ያልቃል፦ መጥረጊያ፣ መቁረጫ፣ መዋኛ። የአንድ አገር ሰው ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ ኃምስ ነው፦ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ፣ ሸዌ። አድራጊ ከተጠየቀ ሣልስ ነው፦ ጸሐፊ፣ አስተማሪ። ነገር ግን ግሡ በተ፣ በደ፣ በሰ፣ በጠ፣ በነ ወይም በለ የሚያልቅ ከሆነ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል፦ ከፈተ ከፋች፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ቀደሰ ቀዳሽ፣ ቆረጠ ቆራጭ፣ አደነ አዳኝ፣ ገደለ ገዳይ። ይህን አንድ ጊዜ የለመደ ሰው ቃሉን ሳያውቅ የመጨረሻውን ሳጥን ይሞላል፤ ያ አንድ ሳጥን ደግሞ ቁልቁል የሚወርደውን ይሰጠዋል።

በረካ፦ የቀሩት እልኸኞች

በዚህ ሰዓት ሰንጠረዡ ላይ የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አይወጡም።

አንደኛው አጭር የውጭ ስም ነው። ባለ 2 ሳጥን ቃል ለአዘጋጁ ጥግ መዝጊያ ስለሚሆነው የፔሩ ሊማ፣ የቶጎ ሎሜ፣ የጃፓን ገንዘብ የን ተመላልሰው ይመጣሉ። እንደ ተመድ ያሉ ምሕጻረ ቃላትም እንዲሁ። እነዚህ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በቃል ይያዛሉ፤ ብዙ አልቆይባቸውም።

ሁለተኛው የግዕዝ ቃል ነው። «ውኃ በግዕዝ» ማይ ነው፤ «ልጅ በግዕዝ» ወልድ፤ «ተራራ በግዕዝ» ደብር። ይህን የመጨረሻውን ስፈታ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሳለም የኖርኩ ሰው ስሙ «የብርሃን ተራራ» ማለት መሆኑን ያስተዋልኩት አንድ ባለ 3 ሳጥን ፍንጭ ሲጠይቀኝ ነው።

ሦስተኛው ሰምና ወርቅ ያለው ፍንጭ ነው። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ሰሙን አሳይቶ ወርቁን እንደሚሸሽግ ሁሉ፣ አዘጋጁም «ታጥቆ የሚሄድ የቋራው ፈረስ» ሊል ይችላል። ሰሙ ስለ ትጥቅ የሚያወራ ይመስላል፤ ወርቁ የአፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ ነው። እንዲህ ያለውን ፍንጭ ስታገኙ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያዙትና «ይህ ቃል ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉ። ብዙ ጊዜ ቁልፉ በጣም ተራ የሚመስለው ቃል ላይ ነው ያለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ካለ ሰው ጠይቁ። ይህን ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ርብን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። አጠገቤ ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ «አባባ፣ ከጉና የሚነሣ ወንዝ ምን ይባላል?» አልኳቸው። «የትኛውን ነው የምትለኝ ልጄ? ርብም አለ፣ ጉማራም አለ» አሉኝ። ከዚያም ስለ ፎገራ ሜዳ፣ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ እንዴት ይዘጋ እንደነበር፣ ቡናው እስኪያልቅ አወጉኝ። የፈለግሁት 2 ሳጥን ነበር።

ደብተሩ

ሰንጠረዡ ሲሞላ ወረቀቱን አትጣሉት። በየቀኑ ከመልሶቹ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። አምስት የመረጠ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። ደብተራችሁ ላይ መልሱን፣ ፍንጩንና «ታዲያስ?» የሚል ጥያቄ ጻፉ፤ መልሱን እስከ ማታ ፈልጉ።

ምሳሌ ልስጥ። መልስ፦ ንብ። ታዲያስ? በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል፤ ያተረፈውም ከቅጥሩ የወጣ የንብ መንጋ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። እኔ ይህን ከጻፍኩ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ ሄጄ ጣራውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ሥዕሎች ለረጅም ሰዓት ተመለከትኩ። ንቡ ባይኖር ይህ ሁሉ አመድ ነበር ብዬ ሳስብ፣ ሁለቱ ሳጥኖች እንደ ዋዛ የሚታለፉ አልሆኑልኝም።

ሌላው ደብተሩ የሚጠቅምበት ነገር ተመሳሳይ መልሶችን በአንድ ገጽ መሰብሰብ ነው። የእኔ ትልቁ ገጽ የፈረስ ስም ነው። ታጠቅ የቴዎድሮስ፣ በዝብዝ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ዳኘው የምኒልክ፣ ነጋ የራስ አሉላ፣ መላ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ቃኘው የራስ መኰንን። «አባ» ሲጨመርበት የፈረሱ ጌታ ማለት ይሆናል፤ ባለቤቱም በዚያ ይጠራል። አንዱ ስም ሲጠየቅ ሌሎቹ አብረው ስለሚመጡ ሳጥን መቁጠር ብቻ ይቀራል፦ 2 ከሆነ ነጋ ወይም መላ፣ 3 ከሆነ ታጠቅ፣ ዳኘው ወይም ቃኘው፣ 4 ከሆነ በዝብዝ።

ሌላው ገጽ የፋሲል ግቢ ነው። በዚህ ገጽ ምክንያት አንድ ስሕተቴ ታርሟል፦ ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ፋሲል ያሠራው ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ግንብ የእሱ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን የቀዳማዊ ዮሐንስ ነው፣ የመዝሙር አዳራሹ የዳዊት፣ ከዚያም የኢያሱና የበካፋ ሕንፃዎች አሉ። ከግቢው ውጭ ያለውን የቁስቋም ደብር ያሳነጸችው ደግሞ የበካፋ ባለቤት ምንትዋብ ናት፤ 5 ሳጥን፣ ስሟ ራሱ «ምን ትውብ» እያለ የሚያደንቃት። የግቢው 12 በሮች ስምም በየመልሱ ታሪክ አለው። በባልደራስ በር የፈረስ ቤቱን ሹም፣ በእልፍኝ በር የንጉሡን የውስጥ ክፍል ታገኛላችሁ።

ደብተሩ ላይ ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምንጊዜም አስቀምጡ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞተው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ሁለት ምንጭ የተጣላ ሲመስላችሁ መጀመሪያ ይህንን ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። አዘጋጅም ይሳሳታል፤ ስለዚህ ፍንጩ የነገራችሁን ሌላ ቦታ ሳታረጋግጡ ወደ ደብተሩ አታስገቡት። ጎንደር ላይ ማረጋገጥ ሩቅ አይደለም። የግቢው አስጎብኚዎች አሉ፣ የየደብሩ ሊቃውንት አሉ፣ ቤታችሁ ያሉ አያት አሉ።

የመጨረሻው ሥራ፦ ራሳችሁ ጠይቁ

የያዛችሁት ነገር እንዳይጠፋ ማታ ላይ ለዚያው መልስ አዲስ ፍንጭ ጻፉለትና ለቤተሰቡ አቅርቡት። ጥሩ ፍንጭ መልሱን አይሰጥም፣ አይዋሽምም፤ መልሱ ሲታወቅ «አዬ፣ እሱ ነው ለካ!» ያሰኛል። ቀሃ ለሚለው ባለ 2 ሳጥን መልስ «የጎንደር ወንዝ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ግን አንገረብም የጎንደር ወንዝ ነው። «ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላ» ብትሉት ግን ሰሚው ወንዙንም በዓሉንም አንድ ላይ ያስታውሳል።

ትናንት ማታ ለልጆቹ የሰጠኋቸው ይህ ነበር፤ እስካሁን አልፈቱትም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። «ከግቢው 12 በሮች የአንዱ ስም፤ ንጉሡ ሲወጣ ይነፋ ነበር።» 5 ሳጥን ነው። መጀመሪያው እ፣ መጨረሻው ታ።